ቢላዬን የበላው አፎቱ ነው

ማታ ማታ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ቢላ አጥባለሁ። የወጥ ቤቱን አይደለም፤ እሱ የባለቤቴ ነው፣ ብነካባትም አትወድም። እኔ የማጥበው ባሕር ላይ የኖርኩባቸውን ነው። ባሕሩን ከተሰናበትኩ ብዙ ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ቢሾፍቱ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ጨው ያለበት ውኃ የሚገኘው የሽሮ ድስት ውስጥ ብቻ ነው። እጄ ግን ይህን አላወቀም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራሱ ተነሥቶ ጣሳ ይፈልጋል።

ጎረቤቴ የኔታ የድጓ መምህር ናቸው። ዐይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የጎረቤት ድስት ሲከደን ይሰማል። አንድ ማታ የውኃውን ድምፅ ሰምተው በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«መርከበኛው! ምኑን ነው ዘወትር የምታጥበው?»

«ቢላ ነው፣ የኔታ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ልማዱስ ደግ ነው። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ብልና ዝገት የማያጠፋው መዝገብ በሰማይ ነው እያልን ስናስተምር ኖርን። አሁን ልጆቹ የማይዝግ ብረት እዚሁ ምድር ላይ ተገኝቷል ይሉኛል። አንተ የብረትን ነገር ታውቃለህ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ ስቴንለስ ይባላል» ብዬ ልገላገል እችል ነበር። ግን በዚህ ጥያቄ ላይ አርባ ዓመት ተቀምጬበታለሁና አፌ አልታዘዘኝም። «ነገ ቡና ሲፈላ ይምጡ፤ ሦስት ቢላ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን የነገርኳቸውና ከነገርኳቸው በኋላ ሌሊት የቀጠለብኝ ሐሳብ ነው።

ሦስቱም ቢላዎች ቀጥ ያሉ፣ የማይታጠፉ ናቸው። ሰንጢ ለባሕር አይሆንም። የሚታጠፍበት መገጣጠሚያና ውስጡ ያለው ሞላ ለጨው መደበቂያ ነው፤ ውኃ አግብተህ አታጥበው፣ ጨርቅ አስገብተህ አታደርቀው። ደግሞም አንድ እጅህ ገመድ ይዞ ሳለ በሌላው ለመክፈት ስትታገል ማዕበሉ አይጠብቅህም። የመጀመሪያውን ቢላ የሠሩልኝ አባቴ ናቸው። ሁለተኛውን አንድ የመርከብ አለቃዬ ሰጡኝ። ሦስተኛውን የእህቴ ልጅ አምና ከአሜሪካ አመጣልኝ።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ለመናገር አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ በደሴ መንገድ ዳር ነው። ከደብረ ሲና ሽቅብ የሚመጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጣርማበር ላይ ሲደርስ ያቃስታል፤ ባሌስትራ የሚሰበረውም እዚያ ነው። የተሰበረ ባሌስትራ ለሾፌር ኪሳራ፣ ለቀጥቃጭ ሲሳይ ነው። አባቴ ከሾፌሮቹ እየገዙ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላ ያወጡለት ነበር። በ1968 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ልቀጠር መሆኔን ስነግራቸው ምንም አላሉም። ማግሥቱን ወናፉን ለእኔ ሰጥተው አንድ ቁራጭ ባሌስትራ ከከሰሉ ውስጥ ከተቱ። ብረቱ ፍም ሲመስል በጉጠት አውጥተው መስፉ ላይ አጋደሙት። ቀጥቅጠው፣ ሞርደው፣ መልሰው ሲያግሉት ከዚያ በኋላ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል ብዬ ባልዲውን አቀረብኩ። እሳቸው ግን የኑግ ዘይት ያለበትን ጣሳ ጠየቁኝ። «ባሌስትራ በውኃ ከደነገጠ ይሰነጠቃል። ዘይት ያባብለዋል» አሉኝ። መያዣውን ከወይራ ጠረቡት። የብረቱን ጅራት በእንጨቱ መካከል እስከ ጫፍ አሳልፈው በሦስት ችንካር አሰሩት፤ «እንጨቱ ቢጠፋ እንኳ ብረቱ እጅህ ላይ ይቀራል» ብለው። አፎቱን ከወፍራም የበሬ ቆዳ ሰፉለት። ቆዳውም የሚያምር ነበር።

ምጽዋ ስደርስ ጓደኞቼ ቢላውን እያገላበጡ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። «መርካቶ ገዛሁት» አልኩ። «አባትህስ ምን ይሠራሉ?» «ገበሬ ናቸው።»

በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ምን ሲባል እንደኖረ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ያደግሁት ማረሻውን ከአባቴ እጅ ተቀብለው ቡናቸውን ግን ከእሳቸው ጋር በማይጠጡ፣ «ዐይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» በሚሉ ሰዎች መካከል ነው። እነዚያው ሰዎች ሴት ስትወልድ ከአራሷ ራስጌ ቢላ ያኖራሉ፤ ብረት ክፉ መንፈስ ያርቃል ብለው። ብረቱ ይጠብቃቸዋል፣ ከሠራው ሰው ደግሞ ይጠበቃሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ አዋጅ ግን ከንጉሥ አፍ እስከ ጎረቤት ረከቦት ያለውን መንገድ ቶሎ አይጨርስም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ይህ ተረት እኔን ሁለቴ ነው የሚነክሰኝ።

የተመደብኩባት መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠርተዋት በ1954 ዓ.ም. ለአገራችን ያስረከቧት ናት። እዚያ የገባ ወጣት መድፍ የሚተኩስ ይመስለዋል። እኔ ያገኘሁት ሥራ ዝገት ነው። ጠዋት በትንሽ መዶሻ የዛገውን ገጽ እቀጠቅጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ በሽቦ ብሩሽ እፍቃለሁ፣ ማታ ቀለም እቀባለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንጨርስ የጀመርንበት ዝጎ ይጠብቀናል። ቀጥቃጭነትን ሸሽቼ ሄጄ ቀጥቃጭም ፋቂም ሆንኩ። ለማንም ግን አልነገርኩም።

ቀይ ባሕር ከብዙዎቹ ባሕሮች ይልቅ ጨዋማ ነው። ከአንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውኃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው ይወጣል፤ ከቀይ ባሕር ግን ወደ 40 ግራም። ጨው ራሱ ብረትን አይበላም። ጨው ደላላ ነው። ብረት፣ ውኃና አየር ቀስ ብለው ሊፈጽሙት የነበረውን ውል በአንድ ሌሊት ያስፈርማቸዋል፤ ራሱም ከገበያው እንደገባ ይወጣል። የተወለደው ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ ሲረግፍም ከሥሩ አዲስ ብረት ይገልጣል፤ የተገለጠው በተራው ይበላል። ጨው ዓሣውን ከመበስበስ ሲጠብቅ ዓሣውን የሰነጠቀውን ቢላ ይጨርሳል። ያው አንድ ጨው ነው። ደግ ነው ክፉ ነው ብለህ ልትፈርድበት አትችልም፤ የነካውን አይተህ ካልሆነ።

ሰው ዝገትን ለማየት የቢላውን ጎን ይመለከታል። ቀድሞ የሚበላው ግን ስለቱ ነው፤ ብረቱ የቀጠነው እዚያ ነውና። ጎኑ ላይ አንድ ቡናማ ነጠብጣብ ሳይታይ ስለቱ ሊሄድ ይችላል። ቢላው ምንም ሳይቆርጥ ይደነዝዛል። በአማርኛችን የቢላ ስለትና ለታቦት የሚገባ ስለት በአፍ አንድ መሆናቸውን ያስተዋልኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ሁለቱም ሳይሠራባቸው ተቀምጠው ይጠፋሉ።

አለቃዬ ባሕር ኃይሉ በ1940ዎቹ ማብቂያ ሲቋቋም ከኖርዌጂያውያን መኮንኖች ሥር ከሠለጠኑት አንዱ ነበሩ። ወገባቸው ላይ የማይታጠፍ፣ አጭር፣ ጫፉ የዶለዶመ ስቴንለስ ቢላ ነበራቸው። የመርከበኛ ቢላ ጫፉ ሹል የማይሆነው መርከብ ስለሚወዛወዝ ነው፤ ገመድ ልትቆርጥ ጓደኛህን እንዳትወጋ። ወደ መርከቧ በገባሁ ሳምንት ቢላዬን አይተው «ይሄ ደህና ብረት ነው፤ ግን የዋህ ነው። ከምትጠጣው ውኃ ማታ ማታ አንድ ጉንጭ ለእሱ ስጠው» አሉኝ። የሚጠጣ ውኃ በልክ ነበር የሚሰጠን። ቢሆንም ለዓመታት አደረግኩት። ኋላ ላይ አንዳንዴ አደረግኩት። ከዚያ ተውኩት። አፎቱ ያምር ስለነበር፣ ቢላው እውስጡ ሲሆን ምንም የጎደለው አይመስልም ነበር።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብ ላይ ነበርኩ፤ ከ«ኢትዮጵያ» ወደ ሌላ ትንሽ መርከብ ተዛውሬ። ሁሉም ነገር ባለቀበት በዚያ ሰሞን ወደ የመን ልንሻገር ስንነሣ ከጎናችን ከታሰረች ጀልባ ጋር ያያያዘን የናይለን ገመድ ተቆላልፎ አልፈታ አለ። ጀልባዋ ሰው ጢም ብሎባታል፤ መርከባችን ስትንቀሳቀስ ትጎትታታለች፣ ታዘምማታለች። «ቁረጠው!» ተባልኩ። ቢላዬን ሳብኩ። አልወጣም። የአባቴ ቆዳ በጨው ውኃ ሲርስ ሲደርቅ፣ ሲርስ ሲደርቅ ብረቱን ነክሶ ይዞታል። በሁለት እጄ ታግዬ ሳወጣው የቡና አተላ የመሰለ ነገር እጄ ላይ ፈሰሰ። ገመዱ ላይ አሳረፍኩት። እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ብልበት ላዩን ብቻ አሻከረው። ጀልባዋ ላይ ሴት ስትጮኽ እሰማለሁ። አለቃዬ በትከሻዬ ላይ አልፈው በእሳቸው ቢላ አንዴ ሳቡት፤ ገመዱ ሁለት ሆነ። ጀልባዋም ተስተካክላ ቀረች።

አልተቆጡኝም። የእኔን ቢላ ከእጄ ወስደው በጨለማው ውስጥ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና «ይህን የሠራው ሰው እንዲህ ሆኖ ቢያየው ምን ይላል?» አሉ። የመርካቶ ዕቃ መስሏቸው ነው፤ ሠሪውን አላወቁትም። እኔ ግን ያን ሌሊት ሙሉ ባሕሩ ላይ ያለቀስኩት ለአገሬ ብቻ አልነበረም። በኤልሳዕ ዘመን ዮርዳኖስ ውስጥ መጥረቢያው የወደቀበት ሰው የጮኸው ብረቱ ስለሰጠመ ብቻ አልነበረም፤ የተዋሰው የሰው ዕቃ ስለነበረ ነው። ቁልቢ ገብርኤልን ለመንኩ፤ በሕይወት ካገባኸኝ አባቴ ማን እንደሆኑ በሰው ፊት እናገራለሁ ብዬ። ስለቴ ይኸው ነበር። ጧፍም ጃንጥላም አልተሳልኩም።

አለቃዬ ከየመን ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ስቴንለሷን ቢላ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ስለዚህ ብረት መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘው ሃሪ ብሬርሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ የሼፊልድ ሰው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1913። ይፈልግ የነበረው የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ የሚያደርግ ብረት ነበር። 13 በመቶ የሚጠጋ ክሮሚየም የገባበትን ናሙና ለመመርመር አሲድ ሲያስነካው ብረቱ እምቢ አለው። የከተማው ቢላ ሠሪዎች መጀመሪያ ሳቁበት፤ የማይቆርጥ ቢላ የፈጠረ ሰው እያሉ።

ሚስጥሩ ያለው ክሮሚየሙ ላይ ነው። ክሮሚየም ከብረቱ ቀድሞ ከአየር ጋር ይዋሐድና በገጹ ላይ ስስ ሽፋን ይዘረጋል። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ ነው። እንደ ብረት ዝገት አያብጥም፣ አይረግፍም፤ ተጣብቆ ይቀመጣል። ቢጫር፣ አየር እስካገኘ ድረስ፣ ወዲያው ራሱን ይደፍናል።

«ስለዚህ የኔታ፣» አልኳቸው ሁለተኛውን ስኒ ሲቀበሉ፣ «የማይዝግ የምንለው ብረት ዝገት ያልደረሰበት አይደለም። ከሁሉ ቀድሞ፣ በስሱ፣ የዛገ ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ ስስ ዝገት ናት የኋለኛውን ከባዱን የምትከለክለው።»

ስኒውን ወደ አፋቸው ሳያደርሱ ያዙት። «እንግዲያስ ንስሐ የገባ ብረት ነው በለኛ።»

«እንደዚያ ልል ፈልጌ ነበር። ግን አንድ ነገር አለበት። አየር ካጣ ይሞታል።»

አለቃዬ ስቴንለሳቸውን መርከቧ ውስጥ ለምን በቆዳ አፎት እንደማያኖሩት የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። እርጥብ አፎት ውስጥ፣ ወይም ችንካሩ ሥር ባለች ቀዳዳ ውስጥ፣ የጨው ውኃ ቆሞ ሲውል አየሩ ያልቃል። ሽፋኑ ሲቀደድ የሚደፍነው አያገኝም። ጨው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ወደ ታች ይቆፍራል። ከላይ ብታየው የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ናት፤ ከሥሯ ግን ዋሻ አለ። የአባቴ የዋህ ብረት ሲታመም ሁሉ ያየዋል፣ ቀይ ሆኖ ይጮኻል። ስቴንለስ ግን ገጹ እያበራ ውስጡ ይቦረቦራል። በጎ ስም ያለው ሰው ሲወድቅም እንዲህ ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ቢላ ያመጣልኝ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄን እንኳ ማጠብ አያስፈልግዎትም» ብሎ ነው የሰጠኝ። ኤች-ዋን የሚባል የጃፓን ብረት ነው። የተለመደውን የቢላ ብረት የሚያጠነክረው ካርቦን ክሮሚየሙን ወደ ራሱ እየሳበ ከጥበቃ ሥራው ያስፈታዋል። የዚህኛው ሠሪዎች ካርቦኑን እጅግ ቀንሰው ናይትሮጂን ጨመሩበት፤ ናይትሮጂን ክሮሚየሙን ብዙም ሳይነጥቅ ያጠነክራል። ቢላውን በጨው ውኃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ወር አቆየሁት። እንደገባ ወጣ። አደነቅኩት። ማመስገን ግን አቃተኝ። መዛግ የማይችል ነገር ባይዛግ ምኑ ይመሰገናል? አዳም ወድቆ ተጸጸተ፣ ተስፋም ተሰጠው ብለን አይደል የተማርነው? ይህ ቢላ ግን ምንም አያውቅም፤ አልወደቀም፣ አልተነሣም።

ይህን ስናገር የኔታ ሳቁብኝ። «መላእክትም ንጹሐን ሆነው ተፈጥረው የወደቀ ወደቀ። እስቲ ይሄን ንጹሕ ቢላህን ልዳስሰው» አሉና አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ አሻግረው አሳለፉት። «ደንዟል እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ከባልዲው ካወጣሁት በኋላ ቀኑን ሙሉ የናይለን ገመድ ስቆርጥበት ነበር የዋልኩት፤ ሳይዝግ ደነዘዘ። የዚህ ዓይነቱ ብረት ለስላሳ ስለት ካወጡለት ቶሎ የሚታጠፍ ነው፤ ብዙ ባሕርተኞች ጥርስ ያለውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ያን ጊዜ እስከ ዛሬ ያልለየሁት ነገር ተገለጠልኝ። ቢላን የሚያጠፉት ሁለት ናቸው። ዝገት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከሱ የሚያመልጥ ብረት ሊገኝ ይችላል። ድንዛዜ ግን ከራሱ ከሥራው የሚመጣ ነው፤ ከሱ የሚያመልጥ ብረት የለም። በጀልባ ያሉ ሰዎችን ያዳነው መቁረጥም ቢላውን አደንዝዞታል። መልካም ሥራም ያደነዝዛል። የመክብብ ጸሐፊ ስለደነዘዘ ብረት ሲናገር ያልተሳለ እንደሆነ ጉልበት እንደሚያስጨርስ እንጂ ብረቱ ኃጢአተኛ ነው አላለም። ስለዚህ ከክፉ የራቀ ሰውም ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ ስለበደለ አይደለም፣ ስለሠራ ነው።

አንድ ወጣት ለባሕር ምን ዓይነት ቢላ ልግዛ ቢለኝ የምመልስለት አጭር ነው። የማይታጠፍ፣ ብረቱ እስከ መያዣው ጫፍ የሚሄድ፣ ጎኑ የተወለወለ ግዛ፤ ሻካራ ገጽ ጨው ይይዛል። መያዣው ውኃ የማይጠጣ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ይሁን፤ እንጨት ያብጣል። ነሐስ ያለበትን ተው፤ ነሐስና ብረት ጨው ውኃ ውስጥ ሲነካኩ ተጎጂው ብረቱ ነው። አፎቱ ፕላስቲክ ሆኖ ከታች ቀዳዳ ያለው፣ ውኃ የሚያፈስ ይሁን። ዋጋው ርካሽ የሆነ የስዊድን ቢላ ይበቃሃል። ቀሪው ማታ ማታ አንድ ጉንጭ ውኃ ነው።

የኔታ አንድ ተቃውሞ ነበራቸው። «ሁሉንም ለብረቱና ለአጣቢው ሰጠኸው። ስለ ሌላው የሚበላ የለም?» አሉኝ። አለ። በመርከብ ሆድ ላይ፣ ከውኃ በታች፣ የዚንክ ቁርጥራጮች ይታሰራሉ። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ይበላል፤ እሱ እያለ ባሕሩ ብረቱን ይተዋል። መርከቧ ለጥገና ስትወጣ ዚንኩ እንደ በቆሎ ቆረቆንዳ ተቦርቡሮ እናገኘዋለን፤ በሌላ እንተካዋለን። ይህን ስነግራቸው የኔታ ፊታቸውን አማትበው ብዙ ዝም አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፤ ዚንኩ ከብረቱ ጋር በደንብ ካልተነካካ፣ መካከላቸው ቀለም ወይም ዝገት ከገባ፣ አጠገቡ ሆኖ ምንም አያድነውም። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉኝ።

አገሬ የገባሁት በ1985 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሰፈራችን ስወርድ አባቴ ወናፉን ለወንድሜ ልጅ ለቀው በር ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዐይናቸው ጠፍቷል። ጉልበታቸውን ስሜ ቢላውን ከነአፎቱ እጃቸው ላይ አኖርኩት። በመንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልወጣ አለኝ። እሳቸው ቢላውን አወጡ። አሸተቱት። አውራ ጣታቸውን በጎኑ ላይ ከጅራቱ እስከ ጫፉ ቀስ አድርገው አሳለፉ፤ ሦስት ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይሄን ባሕሩ አይደለም የበላው» አሉ። «ባሕር የበላው ቢሆን እኩል ይበላው ነበር። ይሄ ቦታ ቦታ እየመረጠ ነው። አፎቱ ነው። እርጥቡን ሸፍነህ አስቀምጠኸዋል።»

«አባዬ» አልኩ፤ የወንድሜ ልጅና ሁለት ገበያተኞች ቆመው እየሰሙ። «ምጽዋ ላይ አባቴ ገበሬ ነው ብያለሁ። ቢላውንም ገዛሁት ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዐውቃለሁ» አሉኝ።

እንዴት ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ባሌስትራ የሚሸጡልኝ ሾፌሮች ከየት የሚመጡ መሰለህ? ከአሰብ ነው የሚጭኑት። አንዱ እዚያ አይቶህ ነበር። ‹ልጅዎ የገበሬ ልጅ ነኝ ይላል› ብሎ ነገረኝ። ‹አልዋሸም› አልኩት፤ ‹ማረሻውን የሠራ ገበሬ ካልሆነ ማን ገበሬ ነው?›»

ከዚያ ቢላውን ለወንድሜ ልጅ ሰጥተው እንዲሞርደው አዘዙ። የዛገው ተፍቆ ሲወጣ ብረቱ ጠበበ፤ ሦስቱ ጉድጓዶች ግን ዛሬም አሉ። እነሱን ለማጥፋት ቢላውን መጨረስ ነው ብለው ተዉት።

ብዙ ጊዜ የማስበው አባቴ እኔን የሸፈኑበትን ሽፋንና እኔ ራሴን የሸፈንኩበትን ሽፋን ነው። ሁለቱም መሸፈን ናቸው። የኔታም እግዚአብሔር በደልን ይሸፍናል ሲሉ ያስተምራሉ። ታዲያ አንዱ ለምን አዳነ፣ አንዱ ለምን በላ? መልሱን ያገኘሁት በጧፍ ነው። ስቴንለስ ያልሆነ ቢላ ከታጠበና በደንብ ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ላይ ትንሽ ይሞቃል፤ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ ጧፍ በገጹ ላይ አሸዋለሁ። ሰሙ ይለሰልስና ስስ ሆኖ ይዘረጋል፤ ጨው አያስገባም፣ ዓሣም ብትቆርጥበት ምግብህን አያበላሽም። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሳላደርቀው ቀባሁት። ሰሙ እርጥቡን እውስጥ ዘግቶ ያዘውና በሳምንቱ ከሥሩ ዝጎ አገኘሁት። ሰሙ ያው ሰም ነው። የአባቴም ሽፋን የእኔን ያህል ሽፋን ነበር፤ ግን እሳቸው ነገሩን አውቀው፣ አይተው፣ አድርቀው ነው የቀቡት። እኔ እርጥቡን ነው የከደንኩት።

ስለዚህ ለየኔታ የመለስኩላቸው ይህን ነው። የማይዝግ ብረት በምድር ላይ አለ፤ ነገር ግን እሱም ይደነዝዛል። የሚዝገውም ብረት፣ የሚያጥበው እጅ ካለ፣ የሰውን ዕድሜ ያህል ይቆያል። ከሁለቱ የትኛው የሰማዩን መዝገብ እንደሚመስል እሳቸው ይወስኑ። የእኔ እጅ ማታ ማታ የሚያነሣው የትኛውን እንደሆነ ግን ዐውቃለሁ።

አሁን የውኃው ድምፅ ሲሰማ የኔታ በአጥሩ በኩል «የትኛው ነው ዛሬ?» ይላሉ። «የባሌስትራው ነው» እላለሁ። ከታጠበ በኋላ ግድግዳው ላይ ባሉት ሁለት ምስማሮች እሰቅላቸዋለሁ፤ ቢላውን በአንዱ፣ አፎቱን በሌላው። የልጅ ልጄ አንድ ቀን ቢላውን አፎቱ ውስጥ ከትታ «እንዲያምር ብዬ ነው» አለችኝ። አውጥቼ ለየብቻ ሰቀልኳቸውና አውራ ጣቷን ይዤ በሦስቱ ጉድጓዶች ላይ አሳለፍኩት። «ማን ነው የሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስማቸውን ነገርኳት፤ ሙያቸውንም።